«መቀሌ» የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀችበት ዕለት፣ አንዲት ሰርጓጅ መርከብ ከምጽዋ ወደብ ወጣች። ስሟ «መቀሌ» ነበር። አዎ፣ የኛው መቀሌ። ፋሺስቶቹ በወረራው ሰሞን ካሠሯቸው መርከቦች 17ቱን አንድ ዓይነት ሰርጓጆች በምሥራቅ አፍሪካ ቦታዎች ስም ነው የጠሯቸው፤ አብዛኞቹም የኛ ናቸው። አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ አሸንጌ፣ አላጌ፣ ነገሌ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ደገሃቡር። ዝርዝሩ ፍሬሽማን ሆነን ዶርም ስንገባ «አንቺስ ከየት ነሽ?» የተባባልንበትን ቀን ይመስላል። መቀሌ በጥቅምት 1928 በጣሊያን ጦር ተያዘች፤ በዓመቱ፣ ጥቅምት 1929፣ ስሟን የተሸከመችው መርከብ ላ ስፔዚያ ላይ ባሕር ወረደች።

አዘጋጆቹ ከባቻችን አንድ ጽሑፍ አምጪ ሲሉኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት እንደምጽፍ ጠብቀው ይሆናል። ለነገሩ ይህም የመጣው ከደም ግፊት ነው። የምሠራው ጦር ኃይሎች አካባቢ ነው። እንደ ሰፈሩ ስም፣ ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው። በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አባት ግፊታቸውን እየለካሁ ሳለ «ዶክተርዬ፣ ድሮ ምጽዋ መቀሌ የምትባል የጣሊያን ሰርጓጅ ነበረች ይሉናል። ሰዎቿን ጋዝ ነው ያሳበዳቸው ይባላል፤ ይሆናል እንዴ?» አሉኝ። እስቲ ላንብብና ልንገርዎት አባባ አልኳቸው። ማንበቡ ከጠበቅሁት በላይ ወሰደኝ።

ይሆናል። ሆኗልም። ቀይ ባሕር በሰኔ ምን እንደሚመስል ምጽዋን ያየ ያውቃል። መርከቧ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ ትደበቃለች፣ በሯ ይዘጋል፣ ከ40 በላይ ሰው በአንድ ረጅም ቱቦ ውስጥ ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ያለ ማቀዝቀዣ መኖር አይቻልም። በማቀዝቀዣው ቱቦዎች ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ደግሞ ሜቲል ክሎራይድ ነበር። ቀለም የለውም። ሽታው ደከም ያለና ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም፤ እንደ ጭስ አያስልም፣ እንደ አሞኒያ ዓይን አያቃጥልም። ዝም ብሎ ይገባና አንጎልን ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ድብታ ያመጣል፣ ከዚያ ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፤ ሲብስ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይከተላል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰውየው መቼ እንደተመረዘ አያውቀውም።

እስቲ እውነት እንነጋገር፤ እንዲህ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ቢመጣብን ምን እንል ነበር? መጀመሪያ አፉን እናሸትታለን፣ ጠጥቷል እንላለን። ቀጥሎ የሙቀት ምት። ከቆላ መጣሁ ካለ ወደ ጭንቅላት የወጣ ወባ። ጋዝ አራተኛ ወይ አምስተኛ ላይ ቢመጣ ነው። መርከቧ ውስጥ ግን የሚመረምረውም የታመመውም ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሱት። ያለችበትን ቦታ የሚያሰሉት፣ ኮምፓሱን የሚያነቡት፣ መሪውን የያዙት ሁሉ ሰክረው ነበር ማለት ይቻላል። በወጣች በ5ኛው ቀን፣ ሰኔ 8 ሌሊት፣ ከፖርት ሱዳን ደቡብ ምሥራቅ ባር ሙሳ ከቢር በምትባል ትንሽ ደሴት ዳርቻ ኮራል ድንጋይ ላይ ወጣች። የእንግሊዝ ጥይት አልነካትም። ቆይታ ከድንጋዩ ተንሸራትታ ሰጠመች።

እኔን የሚያናድደኝ የጋዙ ጠባይ የታወቀ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከቤት ፍሪጅ አምልጦ ሰው ገድሎ ነበር፤ በዚያው ዘመን ገደማ መርዝነቱ እጅግ ያነሰው ፍሬዮን ተገኝቷል። ለ17 መርከብ የድል ስም መርጦ የሚያወጣ መንግሥት ቱቦው ውስጥ ለሚዞረው ነገር ያን ያህል አልተጨነቀም።

መርከበኞቹ ደሴቷ ላይ ወጡ። ጥላ የላት፣ የሚጠጣ ውኃ የላት፣ አሸዋ ብቻ። እዚህ ላይ ስደርስ እቴጌ ጣይቱ ትዝ አሉኝ። ጥር 1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ መሽጎ ጦራችንን አላስጠጋ ሲል፣ በጥይት ያልተቻለውን ምሽግ በውኃ እንያዘው ያሉት እቴጌይቱ ናቸው። ምንጩ ተያዘ። የምሽጉ ወታደር በጥም አለቀሰ፤ በመጨረሻም ተደራድሮ ወጣ፣ ምኒልክም መሣሪያውን እንደያዘ ሸኙት። መርከቧን «መቀሌ» ብለው የሰየሟት ሹማምንት የ1888ቱን ውርደት በ1928ቱ ድል የሸፈኑ መስሏቸው ይሆናል። ስሙ ግን ጥሙን ይዞ ነው የሄደው።

ይህን ስል በሰዎቹ ላይ መሳቄ አይደለም፤ ሐኪም ነኝ። በመርዝ የደከመ ሰው ያለ ውኃ በዚያ ፀሐይ ሥር ምን እንደሚሆን በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ቀዘፉ፤ ደረሱም። ሰኔ 15 ጉሊየልሞቲ የምትባለው ሌላዋ ሰርጓጅ መጥታ የቀሩትን አነሳች። አንድ ወጣት መርከበኛ ግን አልተነሳም። እዚያው ሞቶ ጓደኞቹ አሸዋው ውስጥ ቀብረውት ነበር። አጽሙ ተፈልጎ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰሜን ጣሊያን በትውልድ መንደሩ አረፈ። ከ78 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እናት ይህን ያህል አትጠብቅም።

ጋዙ እሷን ብቻ አልነበረም ያጠቃው። ፔርላም በዚያው ወር ሰዎቿ ተመርዘው መሬት ነክታለች፤ በኋላ ተጎትታ ዳነች። ጦርነቱ ሲጀመር ምጽዋ ከነበሩት 8 ሰርጓጆች 4ቱ ሰኔ ሳያልቅ ጠፉ። የተረፉት 4ቱ ምጽዋ ልትያዝ ስትል፣ በ1933 መጋቢት ገደማ፣ አፍሪካን ዞረው እስከ ፈረንሳይዋ ቦርዶ ሸሹ። ምጽዋ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ወደቀች፤ ከአንድ ወር በኋላ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ።

የስም እኅቶቿ ሁሉ እንዲህ በከንቱ አልቀሩም። «ሽሬ» ታኅሣሥ 1934 ወደ እስክንድርያ ያደረሰቻቸው 6 ጠላቂዎች ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን አሽመድምደዋል። «አክሱም» ነሐሴ 1934 በአንድ ተኩስ ሦስት መርከብ መታች። ኋላ ጣሊያን ወገን ቀይራ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጎን ስትሰለፍ፣ «አክሱም» ታኅሣሥ 1936 ግሪክ ጠረፍ ላይ መሬት ነክታ በገዛ ሰዎቿ እጅ ጠፋች። «ሽሬ» ሃይፋ ደጃፍ፣ «ጎንደር» እስክንድርያ አጠገብ፣ «ተምቤን» ቱኒዝ አካባቢ በመርከብ ተገጭታ ሰጠሙ። «አድዋ»፣ «ደሴ»፣ «ነገሌ»፣ «አሸንጌ» ሁሉም ሜዲትራኒያን ሥር ናቸው። ከ17ቱ ጦርነቱ ሲያልቅ በሕይወት የተገኘችው «አላጌ» ብቻ ነበረች።