በቡና ማሳችን መካከል የቆመ ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የአክሱምን ሐውልት፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ወይም የጎንደርን ቤተ መንግሥት ነው። ይሁን እንጂ በጌዴኦ ዞን የሚኖር የቡና ገበሬ ታሪክ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከቤቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳውም እሸት ቡናውን ይዞ ወደ መፈልፈያው ሲሄድ ግራና ቀኙን ልብ ብሎ ቢመለከት ይበቃዋል። በእንሰትና በቡና መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ያዘነበለ ወይም ወድቆ ሣር የበቀለበት ረጅም ድንጋይ ማየቱ አይቀርምና።

እነዚህ ትክል ድንጋዮች ናቸው። ተመራማሪዎች በጌዴኦ ምድር ከ60 በላይ በሚሆኑ ሥፍራዎች 10,000 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገምታሉ። ይህን ያህል ብዛት በአንድ አካባቢ ተሰባስቦ የሚገኝበት ሌላ ቦታ በአፍሪካ የለም። አንዳንዶቹ እስከ 6 ሜትር ይረዝማሉ። በጨልባ ቱቲቲ የሚገኙት በአብዛኛው ድቡልቡልና ረጃጅም ሆነው በወንድ አባለ ዘር አምሳል የተጠረቡ ናቸው። በቱቱ ፈላ ደግሞ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል አስቀድሞ ለሌላ ዓላማ የተተከሉና ኋላ የመጣ ትውልድ እንደገና ቀርጾ ለመቃብር ምልክት የተጠቀመባቸው አሉ። በሌሎች ሥፍራዎች የቆሙት ግን ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ለመታሰቢያ የተተከሉ ሳይሆኑ እንደማይቀር ይታሰባል።

ስለ ድንጋዮቹ በውጭ ሰዎች መጻፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የደቡብ ኢትዮጵያን ቅርሶች እየተዘዋወሩ ባጠኑት ፈረንሳውያን በአባ አዛይስና በሻምባር አማካይነት ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ሮዤ ዡሶም በቱቱ ፈላ ቁፋሮ አካሂደዋል። ለረጅም ጊዜ የድንጋዮቹ ዕድሜ ከ1,000 ዓመት እንደማይበልጥ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ግን በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደቆሙ አመለከተ። በዚህ መሠረት ዕድሜያቸው 2,000 ዓመት ይጠጋል ማለት ነው።

ይኸው ጥናት ለእኛ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም ያለው ሌላም ነገር አሳይቷል። በሥፍራዎቹ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ስባሪ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ይኸውም ባልጩት ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ በመሆኑ የእያንዳንዱ ምንጭ ንጥረ ነገር የተለያየ ነው፤ ስለሆነም ስባሪው ተመርምሮ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል። ምርመራው አብዛኛው ባልጩት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሰሜን ኬንያ የመጣ መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ ዛሬ ቡናችን ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል ብለን ስንኮራ፣ በእነዚሁ ኮረብታዎች ላይ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም ከሩቅ አገር ጋር ይለዋወጡ እንደነበር ማስታወስ ይገባናል።

ታሪኩ በድንጋይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት የጌዴኦ ማሳ ራሱ ከአባቶች የተወረሰ ዕውቀት ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ለቡናው ጥላ ይሰጣሉ፣ ቅጠላቸው ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፣ ሥራቸውም ቁልቁለቱን ከመሸርሸር ይጠብቃል። የአገር ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው የተከበሩ ደኖችም አሉ። ዩኔስኮ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ማሳውን፣ ደኑንና ድንጋዩን አንድ ላይ ነው።

ሆኖም ምዝገባ ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ትክል ድንጋዮቹ ከአጥር ውጭ፣ በእርሻ መካከል የሚገኙ በመሆናቸው ከማንም በላይ ለእነሱ ቅርብ የሆነው ገበሬው ነው። ለቡና ችግኝ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ለቤት መሠረት ድንጋይ ሲፈለግ ወይም የወደቀው ማሳ አጣበበ ተብሎ ሲገፋ ጉዳት ይደርሳል። ብዙዎች ድንጋዩ እስካልተሰበረ ድረስ ቦታውን መቀየር ምንም አይጎዳም ብለው ያስባሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ትክል ድንጋይ መቼ እንደቆመ የሚታወቀው ከሥሩ ባለው አፈር ውስጥ በሚገኝ ከሰልና በመሳሰለው ቅሪት ነው። ድንጋዩ ከቦታው ከተነሣ ምስክሩን አጣ ማለት ነው። ባልጩቱም ከተገኘበት ተለቅሞ ለልጆች መጫወቻ ከሆነ የመጣበትን መንገድ የሚነግረን አይኖርም።

በመሆኑም እያንዳንዱ አባል በማሳው ውስጥ ያለውን ትክል ድንጋይ እንዳለ እንዲተወው፣ ችግኝ ሲተክልም ራቅ እንዲል፣ አዲስ ነገር ሲያገኝ ሳያነሣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያመለክት ይገባል። ወጣቶቻችንም በእረፍት ቀናቸው ከሽማግሌዎች ጋር በየሥፍራው እየተዘዋወሩ ስሙንና የሚነገርለትን ቢመዘግቡ ትልቅ ሥራ ነው። ቡናን ከእንሰትና ከዛፍ ጋር ማልማትን ያስተማሩን አባቶች ማሳውን ከነድንጋዩ አስረክበውናል። እኛም ለልጆቻችን ስናስረክብ ሳናጎድል ይሁን።