ጥላ ማጥፊያ፦ ከአህያ ሆድ እስከ ተዋጊ ጄት

ገብስ ተጭና አሰላ ገበያ የምትገባን አህያ ከጎን ቀረብ ብሎ ላያት ጀርባዋ አመድማ ነው፤ ቀለሙ ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ ሆዷ ሥር ይነጣል። እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ይህ መልክ በሳይንሱ ዓለም «ካውንተርሼዲንግ» ይባላል። በአማርኛ «ጥላ ማጥፊያ» ቢባል ያምርበታል። «ተቃራኒ ጥላ» ቢሉት ሰሚው በሌላ ወገን የወደቀ ጥላ ይመስለዋል፤ «ጥላ አጥፊ» ደግሞ ጥፋተኛን ያስታውሳል።

ፀሐይ ከላይ ስታበራ ጀርባ ይፈካል፣ ሆድ ላይ ጥላ ያርፋል። ዓይን ድቡልቡልን አካል ከአካባቢው ለይቶ የሚያወጣው በዚህ ልዩነት ነው። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ካለ ግን ብርሃኑና ቀለሙ ይጣፉና አካሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ይህን በ1896 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያብራራው አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ታየር ነው። ሠዓሊ ጥላ እየጨመረ ጠፍጣፋ ሸራን ድቡልቡል ያስመስላል፤ ታየር ያንኑ ጥበብ ገልብጦ በእንስሳት ገላ ላይ አየው።

ጀርባን አጥቁሮ ሆድን ማንጣት በጦር አውሮፕላን ላይም ይሠራል፤ እዚያ ሌላም ምክንያት ይታከላል፦ ከላይ የሚያየው ጠላት ከመሬቱ ጋር፣ ከታች የሚያየው ከሰማዩ ጋር ያስተያየዋል። ስለዚህ በደርግ ዘመን የመጡት የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሚግ-23 ቢኤኖች፣ ምድርን ለመምታት ዝቅ ብለው ስለሚበሩ፣ ጀርባቸው አረንጓዴና ቡናማ፣ ሆዳቸው ውሃ ሰማያዊ ነበር። ከፍ ብሎ አየር ላይ የሚዋጋው ሱ-27 ግን ሰማያዊና ግራጫ ለብሷል።

አሰላ ያለችበት የአርሲ ደጋ ግን ለአውሮፕላን ቀቢ ፈተና ነው። ሰኔ ላይ የታረሰ አፈር፣ ነሐሴ ላይ ለምለም ቡቃያ፣ ኅዳር ላይ የደረሰ ስንዴ፤ አንድ ቅብ ሦስቱንም አይመስልም። ሰማዩም አንድ አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጭላሎ ተራራ ጫፍ ቀና ያለ ሰው አሰላ ካየው የጠለቀ ሰማያዊ ያያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዚያም በላይ እየበረሩ ፎቶ ያነሡ የእንግሊዝ ስፒትፋየሮች ሆዳቸው ጭምር ጠቆር ያለ ሰማያዊ ተቀብቷል።

ቀለም አቅሙ ውስን ነው። የነጣ ሆድ እንኳ ከበስተኋላው ካለው ብሩህ ሰማይ ጋር ሲነጻጸር ጠቁሮ ይታያል። በ1943 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል «የሁዲ» በተባለ ሙከራ በአቬንጀር አውሮፕላን አፍንጫና በክንፉ የፊት ጠርዝ አምፖሎች ደረደረ፤ ብርሃናቸውንም ከሰማዩ ጋር አስተካከለ። ከ19 ኪሎ ሜትር ይታይ የነበረው አውሮፕላን እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ ሳይታይ ቀረ። እዚህ ላይ ጥላውን ያጠፋው ቀለም ሳይሆን አምፖል ነው፤ በአማርኛው ስያሜ ላይ «ቅብ» የሚል ቃል ያልታከለውም ለዚሁ ነው።