«ሰው ሠራሽ እርግዝና» ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን በየማስታወቂያውና በየቃለ መጠይቁ አይ ቪ ኤፍን «ሰው ሠራሽ እርግዝና» ማለት እየተለመደ ነው። ሰው ሠራሽ እግር እናውቃለን፤ ሰው ሠራሽ ሐይቅም እናውቃለን። እርግዝናው ግን ምኑ ላይ ነው ሰው የሠራው? እናትየዋ ከማቅለሽለሹም ከምጡም አላመለጠችም። ከሰውነት ውጭ የሚከናወነው የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር መገናኘት ነው፤ ሽሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማህፀን ይገባል፣ የቀረው እንደማንም ነው።

ተፎካካሪዎቹም አይሻሉም። «የቱቦ ልጅ» ከእንግሊዝ ጋዜጦች የተወረሰ ነው። ሉዊዝ ብራውን ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. ኦልድሃም ውስጥ ስትወለድ ዓለም ሁሉ የቱቦ ልጅ አላት፤ እንቁላሉና ዘሩ የተገናኙት ግን በዝርግ ሳህን ላይ ነበር። «ሰው ሠራሽ ማዳቀል» ከሁሉ ይብሳል። ቃሉ የከብት እርባታ ነው፤ ሥሩም «ዲቃላ» የወጣበት ሥር ነው። ስንት ዓመት ልጅ ሲለምኑ ለኖሩ ባልና ሚስት ይህን የሚያህል ስድብ ማን ይመርጥላቸዋል? «ከማህፀን ውጭ እርግዝና» የሚሉም አሉ። እሱ ባለቤት አለው፦ ሽሉ አብዛኛውን ጊዜ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ሲቀር የሚደርስ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ነው።

ስህተቱ ሁሉ የመጣው ቋንቋችን የለያየውን ከመደባለቅ ነው። ፅንሰት መጀመሪያው ነው፤ ነሐሴ 7 ፅንሰታ ለማርያም ሲባል የሚታሰበው ያ ዕለት ነው። ፅንስ የተፀነሰው ነው። እርግዝና መሸከሙ ነው። እንግዲህ ውጭ የሆነው ፅንሰቱ ብቻ ከሆነ፣ «አፍአ» በግዕዝ ውጭ ማለት ነውና «አፍአዊ ፅንሰት» ብንለው ደስ ይለኛል። ደብተራ ደብተራ ይሸታል ለሚለኝ «ከማህፀን ውጭ ፅንሰት» ይበል፤ አልጣላውም። «እርግዝና» ብቻ አይበል።

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የአይ ቪ ኤፍ ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ ነገሩ ባንኮክና ሕንድ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ሌላውም ቃል፣ «የስኬት መጠን»፣ ሊመረመር ይገባል። ስኬቱ የቱ ነው? ምርመራው «አለ» ማለቱ? የሽሉ ልብ መምታቱ? ወይስ ልጁ መወለዱ? የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው የተወለደውን ነው፦ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች፣ ማህፀን ከገቡ ሽሎች 32 በመቶው ያህል ተወልደዋል። ከ43 ዓመት ወዲያ፣ በራስ እንቁላል፣ ከ5 በመቶ በታች ነው። አሜሪካ ክሊኒኮች ውጤታቸውን እንዲያሳውቁ በ1992 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች።

የኛ መራቂዎች ይህን ልዩነት ቀድመው ያውቁታል። «ፅነሺ» ብለው አያቆሙም፤ «ወልደሽ ሳሚ» ይላሉ። «ወልዶ የመሳም ምጣኔ» ብል የምቀልድ ይመስላችኋል፤ ግማሹ ቁም ነገር ነው። «የወሊድ ምጣኔ» እንዳንል የሕዝብ ቁጥር አጥኚዎች ወስደውታል።

ክሊኒኮች ሆይ፣ በመቶኛ ስትጽፉ ከስንት ሴት፣ በስንት ዕድሜ፣ ስንት ልጅ እንደተወለደ አብራችሁ ጻፉልን።