ሄቪ ሜታል

በኬሚስትሪ ትምህርት ሄቪ ሜታል ማለት እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረት ነው። በሙዚቃ ግን ሆን ተብሎ በሚሻክር የኤሌክትሪክ ጊታር፣ በወፍራም ቤዝና በኃይለኛ ድራም ላይ የቆመ የሮክ ዘርፍ ነው። ብዙ ሰው "ጩኸት" ብሎ ይፈታዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁና አልስማማም፤ ክብደቱ በከፊል የሚመጣው ከወረደ ቅኝት ነው።

ለምሳሌ የሄቪ ሜታሉ ባንድ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆረጠ። ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠራ፤ በኋላም ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን አወረደ። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ።

አዲሶቹን አልበሞች ደግሞ በጉልበታቸውና በልካቸው እመዝናቸዋለሁ። የሜታሊካ "72 ሲዝንስ" (2023 እ.ኤ.አ.) ጉልበት አለው፤ ግን 77 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፣ ቢቆረጥ ይሻለው ነበር። የጁዳስ ፕሪስት "ኢንቪንሲብል ሺልድ" (2024 እ.ኤ.አ.) ግን ልኩን ያውቃል። የኛው ጃኖ ባንድ "ኤርታሌ" (2012 እ.ኤ.አ.) በጊታሩ ወደ ሜታል ቢጠጋም ዜማው አገርኛ ስለሆነ ሮክ ብለው ይበቃኛል።

ጋምቤላ ሆኖ ለሚያነበኝ ቅርብ ማነጻጸሪያ አለ፦ ቶም የተባለው የአኙዋኮች የሙዚቃ መሣሪያ። ቀጫጭን የብረት ምላሶቹ በአውራ ጣት ሲነኩ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣሉ። ብረት አለው፤ ሄቪ ሜታል ግን አይባልም። የዘርፉ ስም የሚነግረን መሣሪያው ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ድምፁ ደረት ላይ የሚጥለውን ጫና ነው።