የአሜሪካ የሕግ ተማሪ ዕዳና ደመወዝ

የሕግ ተማሪ ለትምህርቱ የሚያወጣው ገንዘብ ከተመረቀ በኋላ ከሚያገኘው ደመወዝ ጋር ሲመዛዘን ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ብዙ ያከራከረ ነው። እኛም ነገሩን ከታሪኩ በኩል ልንመረምረው አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቀድሞ በዚያ አገር ሕግ የሚማር ሰው ከአንድ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ገብቶ፣ ውልና ማመልከቻ እየገለበጠ ሙያውን ይለምድ ነበር። ታፒንግ ሪቭ በ1784 በኮኔቲከት፣ በሊችፊልድ ከተማ ያቋቋመው የሕግ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያው ዓመት 100፣ ለሁለተኛው 60 ዶላር ያስከፍል ነበር። ይህም ለድኻ ልጅ ቀላል ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ተማሪው ዕዳ ቢኖርበት እንኳ ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ጋር የሚጨርሰው እንጂ ከመንግሥት ጋር የሚተሳሰበው አልነበረም።

መንግሥት በሰፊው የገባበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሰው ወታደር በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ሸፈነለት፤ ይህ ስጦታ ነበር። የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ግን መንግሥትን ለተማሪው ብድር ዋስ አደረገው። ከ2006 ጀምሮም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሚማር ሰው ትምህርት ቤቱ የጠየቀውን ክፍያና የኑሮውን ወጪ ሁሉ በዚሁ መንገድ እንዲበደር ተፈቀደለት። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ የብድሩን ልክ የሚወስነው ክፍያውን የሚቀበለው ትምህርት ቤት ራሱ ሆነ ማለት ነው። ዋጋውን ሻጩ ሲጠራ፣ ገንዘቡንም ሌላው ሲያበድር፣ ማን ይከራከራል? መውጫውም በዚያው ልክ ጠበበ። በ1976 የተማሪ ብድር በመክሰር ምክንያት ለ5 ዓመት እንዳይሰረዝ ተደነገገ፤ በ1998 የጊዜው ወሰን ጨርሶ ተነሣና፣ ባለዕዳው ልዩ ችግሩን ለዳኛ ካላስረዳ በቀር ዕዳው የማይለቀው ሆነ።

ደመወዙስ? በኒው ዮርክ ያለው ክራቫዝ የተባለው የጠበቆች ድርጅት በ1968 ለአዲስ ተመራቂ 15,000 ዶላር በዓመት መክፈል ጀመረ። በ2007 የታላላቆቹ ድርጅቶች መነሻ 160,000፣ በ2023 ደግሞ 225,000 ደረሰ። ጋዜጣ የሚያወራው ይህንን ነው። የ2008 ተመራቂዎች ደመወዝ በሥዕል ሲቀመጥ ግን ሁለት ተራራና በመካከላቸው ሸለቆ ይታያል፤ አንደኛው ተራራ ከ40,000 እስከ 65,000፣ ሁለተኛው 160,000 ላይ ነው። አማካዩ 92,000 ያህል የወደቀው ከሸለቆው ውስጥ ሲሆን፣ ያንን የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነበር። እንግዲህ ተማሪ በአማካይ ተመክቶ ቢበደር፣ ማንም በማይኖርበት ስፍራ ቤት እንደ መሥራት ነው። ዕዳው ደግሞ የትኛው ተራራ ላይ እንደ ወጣ አይጠይቀውም።

ሊቃውንቱም በዚሁ ተከራክረዋል። ብራያን ታማናሃ በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ትምህርት ቤቶቹን አጥብቆ ነቀፈ፤ ሲምኮቪችና ማኪንታየር ደግሞ በ2013 የሕግ ዲግሪ በዕድሜ ልክ ሲታሰብ በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ አለው አሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የሚያዩት የተለያየ ዘመን ነው፤ የዕድሜ ልኩ ትርፍ የመጀመሪያውን 10 ዓመት ወለድ አይከፍልም። ወጣቶቹ ይህን ሳያመዛዝኑ አልቀሩም፤ በ2010 ከ52,000 በላይ የነበሩት አዲስ ገቢዎች በ2015 ወደ 37,000 ወርደዋል።

ኮንግረስም በ2025 ባወጣው ሕግ ያ ወሰን የለሽ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ እንዲቀር፣ የሕግ ተማሪም ከመንግሥት በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር በላይ እንዳይበደር ወሰነ።