«ወይ እኛ፣ ወይ እልቂት»

በአዲስ አበባ ቋንቋ «ቃሊቲ ገባ» ማለት ታሰረ ማለት ነው። ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ግን ቃሊቲ መጀመሪያ ሰፈር ነው፤ ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ፣ መናኸሪያው፣ ከባድ መኪና የማይጠፋበት የደብረ ዘይት መንገድ። ማረሚያ ቤቱ ከእነዚህ አንዱ ነው። እኔ ግን ስለ ፖለቲካ ክርክር ሳስብ ሁሌም ወደዚያ ግቢ እመለሳለሁ፤ መድረክ ላይ የተነገረ ማስፈራሪያ መጨረሻው የት እንደሆነ እዚያ ይታያል።

ከ1969 እንጀምር። ሚያዝያ 9 ቀን ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ፣ ማለትም ያሁኑ መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሕዝብ ፊት ሰባበሩ። የአብዮቱ ጠላቶች ደም እንዲህ ይፈሳል ማለታቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር አደጋው የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ኢሕአፓ ከተማ ውስጥ የደርግን ሰዎች ይገድል ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በራሳቸው በመንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል። ስህተቱ ያለው ቀጥሎ በመጣው ዝላይ ላይ ነው። «ጠላት አለ» ከሚለው እውነት ተነስቶ «ስለዚህ ያልደገፈን ሁሉ ጠላት ነው» ላይ ተደረሰ። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው እንኳ ስም ወጣለት፦ «መሃል ሰፋሪ»። ይህ ቃል ብቻውን ክርክር ይዘጋል። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብሎ መጠየቅ በራሱ ጥፋት ሆነ። የዚያን ዝላይ ዋጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በሕይወታቸው ከፈሉ።

28 ዓመት አለፈ። የ1997 ምርጫ ደረሰ፤ ሕዝቡ ቴሌቪዥን ከቦ ክርክር የሚያይበት ጊዜ። ሚያዝያ 7 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ አዲሱ ለገሰ በአንድ ክርክር ላይ ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አነጻጸሩ። ሚያዝያ 27 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ቅንጅትን በዚያው ስም ጠሩት። ተቃዋሚዎችም ዝም አላሉም፤ ያንኑ ንጽጽር መልሰው መንግሥት ላይ ወረወሩት።

ሩዋንዳን ማን አይፈራም? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ግን ልጡን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ኢንተርሃምዌ በጊዜው ሩዋንዳን ይገዛ የነበረው ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ነበር፤ መሣሪያውንም ሥልጠናውንም ያገኘው ከመንግሥት ሰዎች ነው። ቅንጅት ደግሞ ለምርጫ የተመዘገበ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት ነበር፤ ሠራዊትም ፖሊስም በእጁ አልነበረም። ንጽጽሩ የሚፈርሰው ዋናው ነጥብ ላይ ነው፦ ጠመንጃው በማን እጅ ነው? የፈራ ሰው ግን ይህን ለመጠየቅ ፋታ የለውም። ማስፈራሪያው የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ቃሉ መድረክ ላይ አልቀረም። ከምርጫው በኋላ በተነሳው ተቃውሞ 193 ሰዎች መገደላቸውን የአጣሪ ኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ ይፋ አደረጉ። የቅንጅት መሪዎች ቃሊቲ ገቡ፤ ከክሶቻቸው አንዱ የዘር ማጥፋት ሙከራ ነበር። ሚያዝያ ላይ ንጽጽር የነበረው ነገር ዓመቱ ሳይሞላ የክስ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ይህን ክስ በኋላ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገው፤ በሌሎች ክሶች የተፈረደባቸውም ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ።

ግቢው ግን ወገን አይለይም። መስከረም 2004 ሃያ ዓመት ታስረው ከቃሊቲ የወጡት የደርግ ባለሥልጣናት ናቸው፤ «መሃል ሰፋሪ» ይሉ የነበሩት እነሱ ራሳቸው። ሁለት ጊዜ የታሰሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ደግሞ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። አንዴ «የሀገር አደጋ» የተባለ ሰው ሁሌም አደጋ ሆኖ አይኖርም ማለት ነው።

ታዲያ ያስፈራ ሁሉ ውሸታም ነው? አይደለም። ክረምት ሲገባ የአቃቂ ወንዝ ይሞላል። «ከወንዙ ዳር ተነሱ» የሚል ሰው ያስፈራል፣ ግን ልክ ነው። ውኃው ይታያል፣ ይለካል። የትኛው ቤት እንደሚያሰጋው በጣት ይጠቆማል። «የኔ ቤት ለምን?» ብትሉት መልስ ይሰጣችኋል እንጂ የጎርፉ ተባባሪ አይላችሁም።

ስልካችሁ ላይ ቀን ከሌት የሚለቀቁትን ቪዲዮዎች በዚህ ለኩ። «እነ እንትና ከመጡ አለቀልን» ሲባል መጀመሪያ አደጋው ራሱ ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። ቀጥሎ ከአደጋው እስከ ቀረበው መፍትሔ ያለውን መንገድ ቁጠሩ፤ የተዘለለ ደረጃ አለ? መጨረሻ ላይ ደግሞ አስተያየት መስጫው ውስጥ ግቡና «ሌላ አማራጭ የለም?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ምን ተብሎ እንደተሰደበ አንብቡ። መልስ ካገኘ ክርክር ነው። ስም ከወጣለት ግን ያ ስም የት ሊያደርስ እንደሚችል አቃቂ ቃሊቲ ያውቀዋል።