«ሃቭ አይ ዘ ራይት?»፦ ባለ 45 ዙር ሸክላ

ቪኒል፤ ዲያሜትር 18 ሳንቲሜትር ገደማ። ለንደን፣ 1964 እ.ኤ.አ.። አሳታሚ፦ ፓይ ሬከርድስ።

አምስት አባላት የነበሩት የሃኒኮምስ ባንድ የመጀመሪያ ሸክላ ነው። በየፊቱ አንድ ዘፈን ይዞ፣ በቤት ማጫወቻና ሳንቲም በሚጎርሱ የካፌ ማጫወቻዎች ይሰማ ነበር።

ዘፈኑን የሙዚቃ ፕሮዲዩሰሩ ጆ ሚክ የቀዳው በሆሎዌይ መንገድ ቁጥር 304፣ ከቆዳ ዕቃ ሱቅ በላይ በተከራየው መኖሪያ ቤቱ ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ ከከበሮው ጋር የሚሰማው ከባድ ምት የባንዱ አባላት የእንጨቱን ደረጃ ሲረግጡ የወጣ ድምፅ ነው። ማይክሮፎኖቹ ከደረጃው መደገፊያ ጋር የተያዙት በብስክሌተኞች የሱሪ መቆንጠጫ ነበር። ከበሮ መቺዋ ሃኒ ላንትሪ ናት፤ በዘመኑ የቢት ሙዚቃ ባንዶች ዘንድ ሴት ከበሮ መቺ እጅግ ብርቅ ነበረች። ዘፈኑ በዚያው ዓመት ኦገስት በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።